ስለ ጭራቅ ያነበበ ጭራቅ አይሆንም

«ሥዕላዊ ልቦለድ ልጆችን ያበላሻል» የሚል ጽሑፍ ባለፈው ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከችልኝ ሐረር ያለችው አክስቴ ናት። «ልጆቹን አደራ፣ ጠብቃቸው» የሚል ቃል ከሥሩ ጨምራለች። ቀጥሎ የሥራ ባልደረባዬ ላከው። ሦስተኛው ከእህቴ ልጅ መጣ። እሱ ምንም አልጻፈም። ጽሑፉን ልኮ ዝም አለ። አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ጽሑፉ የሚከሰው ደግሞ እሱንና ጓደኞቹን ነው። ዝምታው ከበደኝ። ብዕር ያስነሣኝም እሱ ነው።

ጉዳዩ ሥዕላዊ ልቦለድ ነው፤ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች የሚነገርበት። ኮሚክ፣ ማንጋ (የጃፓኑ)፣ ግራፊክ ኖቭል እያልን የምንጠራው። በተለይ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ሙት መንፈስ፣ በዓይን ታይቶ ስለማይታወቅ ዓለም የሚተርኩት፤ ከእነሱም ተወስደው የተሠሩት ፊልሞችና ተከታታይ ድራማዎች። ድሬዳዋ ውስጥ እነዚህን የሚያነብ ወጣት ሞልቷል። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትከር ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ ከተማው ያርፋል። ያኔ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር ስልኩ ላይ ያቀረቀረ ልጅ ብታዩ፣ ምናልባት አንድ ምዕራፍ ለመጨረስ እየተጣደፈ ነው።

ጸሐፊው ያሉትን ሳልቀንስና ሳልጨምር ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሥዕል እያዩ ማለፍ ማንበብ አይባልም፤ አእምሮን ያሰንፋል ይላሉ። ሁለተኛ፣ አስፈሪ ታሪክ የልጅን ልብ ያደነድናል፣ ወደ ጠብና ወደ ወንጀል ይመራል ይላሉ። ለዚህ ማስረጃቸው አሜሪካኖቹ ራሳቸው አግደውት ነበር የሚል ነው። ሦስተኛ፣ ጭራቅና መናፍስት የባዕድ ነገር ናቸው፤ ከባህላችንም ከሃይማኖታችንም ጋር አይሄዱም። አራተኛ፣ የአንባቢዎቹ ሁኔታ ራሱ ያጋልጣቸዋል። ለሌለ ሰው ሞት ያለቅሳሉ፣ ፊልሙ መጽሐፉን አልመሰለም ብለው ይቆጣሉ፤ ይህ ያለመብሰል ምልክት ነው። አምስተኛ፣ ታሪኩን ከፈለጉ ፊልሙ አለላቸው። መጽሐፉ የፊልሙ ረቂቅ እንጂ ሌላ አይደለም።

ጽሑፉ በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ለልጆች ከልባቸው እንደሚጨነቁም ያስታውቃል። ስለዚህ በአክብሮት እመልሳለሁ። በተራ ቁጥራቸው ግን አልሄድም። ከሁለተኛው እጀምራለሁ፤ አክስቴን ያስደነገጣት እሱ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ እገዳ ነበር የሚለው ውሸት አይደለም። ለመላ አገሪቱ ያገደው መንግሥት አልነበረም እንጂ፣ አሳታሚዎቹ ራሳቸው ከልክለውት ነበር። ችግሩ ጸሐፊው ታሪኩን መሃል ላይ መተዋቸው ነው። እኔ እስከ መጨረሻው ልውሰደው።

ፍሬድሪክ ዌርታም የሚባል የአእምሮ ሐኪም ነበር። ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሃርለም በሚባለው ሰፈር፣ ለድሆች ክሊኒክ ከፍቶ ማንም የማያያቸውን የጥቁር ልጆች ያክም ነበር። ልጆችን በቀለማቸው ለይቶ ማስተማር እንደሚጎዳቸው የሰጠው ምስክርነትም ያን መለያየት ለማስቀረት በተደረገው የፍርድ ቤት ክርክር ውስጥ ጠቅሟል። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም። ይኸው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ኮሚክ ልጆችን ወንጀለኛ ያደርጋል አለ። በዚያው ዓመት ጉዳዩ የአሜሪካ ሴኔት ንዑስ ኮሚቴ ፊት ቀረበ። አሳታሚዎቹ ፈሩ። ሌላ ሰው ሕግ ሳያወጣባቸው ራሳቸው ደንብ አወጡ። በደንቡ መሠረት ከመቃብር የተነሣ ሙት፣ ደም የሚመጥ ቫምፓየር፣ ሰው በላ፣ ወደ ተኩላ የሚለወጥ ሰው መሣል ተከለከለ። «ሆረር» (አስፈሪ) የሚለው ቃል ርዕስ ላይ እንዳይወጣም ታገደ።

ጸሐፊው እዚህ ላይ ነው ያቆሙት። ቀጣዩ ይኸው። ደንቡ እ.ኤ.አ. በ1971 ላላ። በ2011 የመጨረሻዎቹ አሳታሚዎች ሲተዉት አበቃለት። በመካከሉ፣ በ2010፣ የዌርታም የግል ወረቀቶች በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ለተመራማሪዎች ተከፈቱ። ካሮል ቲሊ የተባለች የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ምሁር ሄዳ መጽሐፉ ላይ የተጻፈውን ከማስታወሻዎቹ ጋር አመሳከረች። በ2012 ያገኘችውን አሳተመች። ዌርታም የልጆችን ዕድሜ ለውጦ ጽፏል። የተናገሩትን ቆራርጦ ቀጥሏል። ልጆቹ ቤት ውስጥና ሰፈር ውስጥ የነበረባቸውን ሌላ ችግር ትቶ ጥፋቱን ኮሚክ ላይ ጭኗል። ያ ሁሉ እገዳ የቆመበት መሠረት ይህ ነበር።

ሌላም ነገር አለ። አስፈሪ ሥዕል ያነበበ ሁሉ ደም ማፍሰስ የሚያምረው ቢሆን ኖሮ ጃፓን ምን ትሆን ነበር? እዚያ ማንጋ በስፋት ይነበባል። አስፈሪው ማንጋም የተትረፈረፈ ነው። ሆኖም ጃፓን ሰው መግደል በጣም ዝቅተኛ ከሆነባቸው የዓለም አገሮች አንዷ ናት። ማንጋው ሰላም አመጣ አልልም፤ ያ ደግሞ የእኔ ማጋነን ይሆናል። ግን ይህ ያንን ይወልዳል የሚለው አባባል እዚያ ላይ ይወድቃል።

አሁን ለጸሐፊው አንድ ነገር እሰጣለሁ፤ ያውም ትንሽ ነገር አይደለም። የዕድሜ ጉዳይ። አንድ ቀን ለአዋቂ የተሠራ አስፈሪ ማንጋ አልጋ ላይ ትቼ ወጣሁ። የዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ከፈተችው። ሦስት ሌሊት ብቻዋን አልተኛችም። በሁለተኛው ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበርና ጩኸቷ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ከዚያ ወዲህ የልጆቹና የአዋቂው መደርደሪያ ለየብቻ ነው። ሥዕል ስላለው ብቻ የልጆች ነው ብሎ መስጠት ትልቅ ስህተት ነው። እንደሚመስለኝ ይህ ስህተት የሚመጣው ጸሐፊው ራሳቸው ካራመዱት ሐሳብ ነው። ኮሚክ የልጅ ነገር ነው ብሎ ያመነ ወላጅ ገልጦ አያየውም።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ። እዚህ ትንሽ እቆያለሁ።

ጭራቅ የባዕድ ነው የሚለውን ለሐረር ሰው እንዴት ብዬ እንደማስረዳ አላውቅም። የጀጎል ግንብ አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት። ከአምስቱ አንዱን በአማርኛ ቡዳ በር እንለዋለን። ሰው በየቀኑ በዚያ በር ይገባል፣ ይወጣል። ልጅ ትምህርት ቤት ይሄዳል፣ ሴቶች ከገበያ ይመለሳሉ። ስሙ ማንንም አያስፈራም። ግንቡ ላይ ጅቦች የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሲመሽ ደግሞ ከግንቡ ውጭ ጅብ የሚያበላው ሰው ተቀምጦ በስማቸው ይጠራቸዋል። ሥጋውን እንጨት ላይ አንጠልጥሎ፣ አንዳንዴም እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያጎርሳቸዋል። የሐረር ሰው ጅብን ወራባ ይለዋል። ወራባ ጂን ይበላል፣ ከተማውን ከክፉ መንፈስ ያጸዳል የሚል እምነትም አለ። በዓሹራ ሌሊት ቅቤ የፈሰሰበት ገንፎ ይቀርብለታል። አበላሉ ታይቶ መጪው ዓመት ምን እንደያዘ ይገመታል። ይህን ሁሉ ሰምቶና አይቶ ያደገን ልጅ «ጭራቅ ባህልህ አይደለም» ማለት ምን ማለት ነው?

እኔ ራሴ ክረምቱን የማሳልፈው ሐረር፣ አያቴ ቤት ነበር። ማታ መብራት ሲጠፋ «ተረት ተረት» ትለናለች። «የላም በረት» እንላለን። ከዚያ ያ ታሪክ ይመጣል። ጅብ እየሆነ ሌሊት ሌሊት የሚወጣው ሰውዬ። አንድ ቀን ጅብ ተገደለ፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ጆሮው ላይ ሎቲ አገኙ። በማግስቱ ሰውዬው ከቤቱ አልወጣም። አያቴ «ሎቲ» ስትል ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ልክ በዚያው ሰዓት ከሩቅ ጅብ ይጮሃል። አቦ፣ ከዚያ የበለጠ የሚያስፈራ ፊልም እስካሁን አላየሁም!

ስለዚህ ተረት ግን አንድ ከባድ ነገር መናገር አለብኝ። በዚህ በቡዳ ወሬ የተጎዱ ሰዎች አሉ። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔው። ማዕድ የተነፈጉ፣ ጋብቻ የተከለከሉ አሉ። ጉዳቱ ከየት መጣ? ታሪኩ እውነት ነው ተብሎ ስለተነገረ ነው። ያለ ስም የሚኖር ጭራቅ አልነበረም፤ የጎረቤት ስም ተሰጠው። ልቦለድ ይህን አያደርግም። ገና ሽፋኑ ላይ ይህ የፈጠራ ታሪክ ነው ይልሃል። የምትፈራውን ነገር ወረቀት ላይ አስቀምጦ ያሳይሃል፤ ማንንም ሳትጎዳ ፈርተህ ትጨርሳለህ። ጸሐፊው አስፈሪ ታሪክ ሰውን ይጎዳል ሲሉ እኔም ይህን አስቤያለሁ። የጎዳው የትኛው እንደሆነ ግን መለየት ያስፈልጋል።

ሃይማኖትን አንስተዋልና ወደዚያም ልሂድ። በላኤ ሰብን የማያውቅ ኦርቶዶክሳዊ የለም። የገዛ ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላ ሰው። ለአንድ የተጠማ ሰው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውሃ አጠጣ። ነፍሱ ስትመዘን የእሷ ጥላ በሚዛኑ ላይ አርፎ ዳነ። ይህ ታሪክ በየዓመቱ የካቲት 16 ይነገራል። ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ተሥሏል፣ ሕፃን ልጅ ተሸክመን ገብተን እናሳያለን። ሥዕሉ ለምን አስፈሪ ሆነ ብሎ የጠየቀ አላየሁም። ሰው በላው ካላስፈራ ምሕረቱ አይታይማ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶ፣ ሲኦል ደጃፍ የቆመው ሰይጣን፣ በክታብ ላይ ዓይናቸውን አፍጥጠው የሚያዩት የጠልሰም ሥዕሎች፣ ሁሉም የእኛ ናቸው። የሙስሊም ጓደኞቼ እናቶች ደግሞ የጂን ታሪክ ሲጀምሩ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ቤቱ መሄድ የሚደፍር ልጅ አልነበረም።

በሥዕል ቅደም ተከተል ታሪክ መተረክስ? የንግሥተ ሳባን ሥዕል አስታውሱ። አንድ ትልቅ ሸራ ወይም ቆዳ በትንንሽ አራት ማዕዘን ይከፋፈላል፤ ብዙ ጊዜ 44 ናቸው። ሰው የሚበላው ዘንዶ ከሚነግሥበት ጀምሮ እስከ ቀዳማዊ ምኒልክ ድረስ ታሪኩ ክፍል በክፍል ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር ጽሑፍ አለ። ዘንዶ፣ ንጉሥ፣ ጉዞ፣ ፍቅር። ይህን ነገር ዛሬ አንድ የጃፓን ልጅ ቢያየው ማንጋ ነው ይላል።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ ከተማ ልጆች ደስ ስለሚለኝ ነው። ማንጋ የሚነበበው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። አዲስ አንባቢ መጀመሪያ ላይ ይምታታበታል። ቁርኣን ቤት የዋሉት የድሬና የሐረር ልጆች ግን አንድ ቀንም አልተቸገሩም። ከእህቴ ልጅ ጓደኞች አንዱ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲቀበል ምንም ሳይባል ከቀኝ ከፈተው። ሌሎቹን ያስተማረውም እሱ ነው።

እዚህም ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። ልጆቻችን ከሚያነቡት አብዛኛው ከጃፓንና ከአሜሪካ የመጣ ነው። በአማርኛ የተሠራው ጥቂት ነው። ኢታን ኮሚክስ «ጀምበር» የተባለውን የኢትዮጵያዊ ጀግና ታሪክ በአማርኛም አውጥቷል። እንዲህ ያለው ሊበዛ ይገባል። የሐረርን ወራባ በሥዕል የሚተርክ መጽሐፍ ለእህቴ ልጅ ባገኝለት ምን ያህል ደስ ባለኝ! ግን ይህ የሚመጣው ዛሬ በሚያነቡት ልጆች እጅ ነው። የእህቴ ልጅ ደብተር ጀርባ በሥዕል የተሞላ ነው።

አራተኛው ነጥብ በጣም ያሳዘነኝ ነው። «ለሌለ ሰው ሞት ያለቅሳሉ።»

በዛብህ ነበረ እንዴ? ሰብለ ወንጌል ነበረች? ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ስንቱ ቤት ነው ያለቀሰው? አባቴ ያን ትረካ የሰማው ድሬ፣ ጎረቤት ቤት በር ላይ ቆሞ ነው። ሬዲዮ የነበረው በዚያ ቤት ብቻ ነበር። በዛብህ የሞተ ቀን እናቶች ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው እንደወጡ ይነግረናል። ያን ሰው ሁሉ ያልበሰለ ብሎ የሚሰድብ የለም። በዚያ ላይ ያ ትረካም ከመጽሐፍ ወደ ሌላ መንገድ የተወሰደ ሥራ ነው። ዛሬም አባቴ መጽሐፉን ሲያነብ የሚሰማው የወጋየሁን ድምፅ ነው። ሌላ ሰው ቢያነብለት ይቆጣል። ቁጣው ከልጆቹ ቁጣ በምን ይለያል?

አንድ ምሳሌ በደንብ ልተንትን። ሞተው ተመልሰው የተነሡ ሰዎች ዓለምን ስለሞሉበት ታሪክ፣ «ዎኪንግ ዴድ» ስለሚባለው። ኮሚኩ በጥቁርና ነጭ የተሣለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ጀምሮ በ2019 በ193ኛው ቁጥር ድንገት አለቀ። ድራማው በ2010 ጀምሮ እስከ 2022 ቆየ። ታሪኩ የአባትና የልጅ ነው። ዓለም ስትፈርስ አባት ልጁን ሰው አድርጎ ለማሳደግ ይታገላል። በኮሚኩ ልጁ ያድጋል፤ ታሪኩም እሱ ጋ ያርፋል። በድራማው ግን ልጁ በ2018 ሞተ። አንባቢው ተቆጣ። የድራማው ኃላፊ ይነሣ የሚል ፊርማ ሳይቀር ተሰበሰበ። ጸሐፊው ይህን የመሰለውን ነው «ያለመብሰል» ያሉት።

እኛም ያን ክፍል ያየነው ድሬ ነው፤ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ ካለ ሱቅ ፍላሽ ላይ አስጭነን። ስድስት ነበርን። ሲያልቅ ዝም ተባለ። ከመካከላችን አንዱ ተነሥቶ ወጣ። ይህ ጓደኛዬ በ1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ታላቅ ወንድሙን ያጣ ነው። ያኔ ስምንት ዓመቱ ነበር። ተከትዬው ወጣሁ። ቆይቶ እንዲህ አለኝ፦ «አባትየው ያን ሁሉ የተሸከመው ለልጁ ነበር። ልጁ ከሞተ ለማን ብሎ ነው የሚሄደው? ይህን ያደረጉት ሰዎች ታሪኩ ስለምን እንደሆነ አልገባቸውም።» ከዚያ ስለ እናቱ አወራኝ። ከጎርፉ በኋላ እንዴት ለእሱ ስትል ከአልጋ እንደተነሣች። ለብዙ ዓመታት ስንተዋወቅ ይህን አውርቶኝ አያውቅም።

ይህን ነው ያልበሰለ ሰው ምልክት የሚሉት? ጓደኛዬ ታሪኩን ከሠሩት ሰዎች በላይ አንብቦታል። ምን ላይ እንደቆመ ያውቃል፤ የትኛው ምሰሶ ሲነሣ ቤቱ እንደሚወድቅ ያውቃል። አንባቢ ፊልሙ መጽሐፉን አልመሰለም ሲል ብዙ ጊዜ የሚለው ይህን ነው። የፀጉሯ ቀለም ተቀየረ የሚል አለ፣ እሱ ትንሽ ነገር ነው። ከባዱ ቅሬታ ግን ስለ ታሪኩ ልብ ነው።

ደግሞም አንባቢ ለውጥን ሁሉ አይጠላም። በዚሁ ድራማ ውስጥ ዳሪል የሚባል ሰው አለ፤ ቀስተኛው። ኮሚኩ ውስጥ ጨርሶ የለም። ለድራማው የተፈጠረ ነው። ተመልካቹ ከማንም በላይ የወደደው እሱን ነው፤ «ዳሪል ከሞተ እናምፃለን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት እስኪለበስ ድረስ። በጭፍን መጽሐፉን የሚያመልክ ሰው እንዲህ ያደርጋል? እነዚህ ሰዎች እያመዛዘኑ ነው።

የምቀበለውም አለ። ቁጣው ወደ ስድብ የሚሄድባቸው ጊዜያት አሉ። ተዋናይን ስለተጫወተው ገጸ ባሕርይ መስደብ፣ ሠዓሊ ላይ መዛት ነውር ነው። የእኛም ልጆች አንዳንዴ ከውጭ ያዩትን ስድብ ይዘው ይመጣሉ። በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። መድኃኒቱ ግን ማንበብ መከልከል አይደለም። እኛ ቤት ደንብ አለን፦ አልወደድኩትም ያለ ሰው የትኛው ገጽ፣ የትኛው ሥዕል እንደሆነ ገልጦ ያሳያል። ገጹን ካላሳየ አይሰማም። በዚህ ደንብ ጭቅጭቁ ሻሂ ሁለቴ እስኪፈላ ይቆያል፣ ስድብ ግን የለበትም።

ስለ አንደኛው ነጥብ ብዙ አልልም። አይጦችን አይሁድ፣ ድመቶችን ናዚ አድርጎ የአባቱን የመከራ ታሪክ የሣለው የአርት ስፒገልማን «ማውስ» እ.ኤ.አ. በ1992 ልዩ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። «ሳንድማን» ከሚባለው የምናብ ኮሚክ አንዱ ክፍል በ1991 የዓለም የፋንታሲ ሽልማትን በአጭር ልቦለድ ዘርፍ ወስዷል፤ ከጽሑፍ ብቻ ከተሠሩት ጋር ተወዳድሮ። ሽልማት ሁሉን ነገር አያስረዳም እንበል። ታዲያ አንድ ገጽ ከፍቶ ማየት ነው። በመጀመሪያው ሥዕል አንድ ሰው ቢላ ያነሣል። በሁለተኛው ከቤቱ ውጭ ጨረቃ አለች፣ ጩኸት ተጽፏል። በሁለቱ መካከል ባዶ ነጭ መስመር ብቻ ነው ያለው። ግድያውን ማን ሠራው? አንባቢው ነው፤ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ። አእምሮው ሰንፎ ቢሆን ኖሮ ታሪኩ እዚያ ነጭ መስመር ላይ ይቆም ነበር።

ይህ ወደ አምስተኛው ይወስደኛል፤ መጽሐፉ የፊልሙ ረቂቅ ነው ወደሚለው።

የጃፓናዊው ሠዓሊ የጁንጂ ኢቶ «ኡዙማኪ» የሚባል ማንጋ አለ። ጠመዝማዛ ቅርጽ አንድን የባሕር ዳር ከተማ ቀስ በቀስ ሲያሳብድ ይተርካል። ጋኔን የለበትም፤ የሚያስፈራው ቅርጹ ነው። ነፋሱ ይጠመዘዛል፣ ፀጉር ይጠመዘዛል፣ በመጨረሻ ሰው ራሱ ይጠመዘዛል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ አስፈሪው ነገር ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ገጹ ከተገለበጠ በኋላ ነው። እጅህ ወረቀቱን ይዟል። ከጀርባው አንድ ነገር እንዳለ ታውቃለህ። ልትገልጠው ትችላለህ፣ መጽሐፉን ልትዘጋውም ትችላለህ። ማንም አያስገድድህም። የምትፈራው ራስህ ወስነህ ነው። የእህቴን ልጅ ሳየው ገጹን ግማሽ ድረስ ያነሣና መልሶ ያስቀምጠዋል። እስትንፋሱን ይስባል። ከዚያ ይገልጠዋል። ፊልም ላይ ይህ የለም። እዚያ ሰዓቱን የያዘው ሌላ ሰው ነው፤ ዓይንህን ብትጨፍንም ያልፍሃል።

ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2024 በጥቁርና ነጭ አኒሜ (የጃፓን ካርቱን ፊልም) ሆኖ በአራት ክፍል ቀረበ። የመጀመሪያው ክፍል ሲወጣ አንባቢው ሁሉ አመሰገነ፤ የሠዓሊው መስመር በሕይወት ተንቀሳቀሰ ተባለ። ሁለተኛው ሲወጣ አሣሣሉ ስለወረደ ያው አንባቢ አዘነ፣ ቅሬታውንም ተናገረ። በአንድ ሳምንት ልዩነት አመሰገነም፣ ወቀሰም። መጽሐፉ ረቂቅ ቢሆን ኖሮ ማን ከምን ጋር ያመዛዝነው ነበር?

ፊልም የሚጨምረው ነገር የለም አልልም። ድምፅ አለው፤ ኮሚክ ድምፅ የለውም። ከመጽሐፋቸው የተሻሉ ፊልሞችንም አይቻለሁ። መጽሐፍ የሚገዛበት አቅም ለሌለው፣ ማንበብ ለከበደው ሰው ፊልሙ በር ይከፍታል። እናቴ ማንጋ አንብባ አታውቅም፤ አኒሜውን ግን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብላ ታያለች፣ ቀጥሎ ምን ይሆናል ብላ ትጨቀጭቃቸዋለች። የእህቴ ልጅ መጽሐፉን አስቀድሞ ስለጨረሰ አይነግራትም። ሁለቱንም አገኙ። አንዱ የሌላው ምትክ አልሆነም።

ለጸሐፊው አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቅንነት የምጠይቀው ነው። ጽሑፍዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በውስጡ የአንድም ሥዕላዊ ልቦለድ ስም የለም። አንድ ገጽ፣ አንድ ሥዕል፣ አንድ ገጸ ባሕርይ አልጠቀሱም። የትኛውን አንብበው ነው? ምናልባት አንብበው ስሙን ሳይጽፉ ቀርተው ይሆናል፤ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ካላነበቡ ግን እኔ ጋ አለ። ድሬ ብቅ ካሉ ቀትር ላይ ቤት ነኝ። ሻሂ ይፈላል፣ ልጆቹም ይኖራሉ። «ማውስ»ን አውስዎታለሁ፤ እርጅና አጣጥፎታል እንጂ ገጹ ሙሉ ነው። ጨርሰው ሲመልሱት ያልወደዱትን ገጽ ገልጠው ያሳዩን። የእህቴ ልጅ ከአጠገብዎ ተቀምጦ ይሰማዎታል፤ እሱም የሚያሳይዎት ገጽ አለው።